ገመናው የማን ነው?

ራቤል የግሼ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከዙሪያው ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር የሚመጣ ልጅ ከተማው ውስጥ ቤት ይከራያል። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ከቤት ተሸክመው ይመጣሉ፤ ስንቅ ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ ቀዬአቸው ሄደው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። በመንዝና በግሼ ደጋ ይህ ኑሮ አዲስ አይደለም፤ ከዚያ አገር ወጥቶ የተማረ ሰው አብዛኛው አልፎበታል። አዲሱ ነገር ማታ ባናው ውስጥ የሚበራው የስልክ ብርሃን ነው። ስልኩን ዓረብ አገር ያለች እህት ልካው ይሆናል፤ በግ ተሸጦ ተገዝቶም ይሆናል። ወላጆች ልጃቸውን ለአከራይዋ አደራ ብለው ሄደዋል። አከራይዋም አደራዋን ትጠብቃለች፤ በሩን ማን እንዳንኳኳ፣ ማን እንዳመሸ ታያለች። በስልኩ ማን እንደገባ የምታይበት ዓይን ግን የላትም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ በእውን ያለች አንዲት የተለየች ልጅም አይደለችም። በቴሌግራም አንድ ሰው ሰላም ይላታል። እኩያዋ እንደሆነ፣ ደብረ ብርሃን እንደሚማር ይነግራታል። ሳምንታት ሙሉ የሚጠይቃት ስለ ፈተናዋ፣ ስለ እናቷ ሕመም ነው። ካርድ ይሞላላታል። አንድ ቀን ፎቶ ይጠይቃል፤ ቆይቶ ሌላ ዓይነት ፎቶ። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል፦ «የምልሽን ካላደረግሽ ለወንድምሽ እልከዋለሁ።» ከዚያ ሌሊት ወዲያ ልጅቷ አትተኛም። ሁለተኛው መንፈቅ ሳያልቅ ስንቋን ሊያመጣ የመጣው አህያ እሷንም ዕቃዋንም ይዞ ይመለሳል። «ትምህርቱ አልሆናትም» ይባላል።

ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር የሚያተኩረው በዚያ ሌሊት ላይ ነው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው። ልጅቷ 25 ዓመት ሲሞላት፣ አግብታ ወልዳ ወይም ባሕር ተሻግራ ስትኖር፣ ያ ሌሊት በእሷ ላይ ምን እየሠራ ነው? የሚያስረዝመውስ ምንድን ነው?

ስለ ስፋቱ አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአፍሪካና በእስያ 13 አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በልጆች ላይ በኢንተርኔት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የመረመረ ትልቅ ጥናት ነበር። ያካሄዱት ኤክፓት ኢንተርናሽናል፣ ኢንተርፖልና የዩኒሴፍ የምርምር ክፍል ናቸው። የኢትዮጵያው ክፍል በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ፣ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ 1,000 ልጆች ተጠይቀው፣ 10 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ግልጽ የሆነ ጥቃት ወይም ብዝበዛ እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በአገር ደረጃ ሲሰላ ወደ 300,000 ልጅ ይጠጋል። በነዚህ ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ፊቱ የማይታወቅ የሩቅ አገር ሰው ብቻ አድርገን የምናስበው ሰው የሠፈር ልጅ፣ ዘመድ፣ የቀድሞ ጓደኛ ሆኖ ይገኛል። ምስሉን በአካል አስገድዶ ያነሣ፣ በኋላም በስልክ ያስፈራራበት ሊሆን ይችላል። «የኢንተርኔት ጥቃት» እና «የእውኑ ጥቃት» ብለን በሁለት መዝገብ የምንጽፈው በልጁ ሕይወት ውስጥ አንድ መዝገብ ነው።

ይህ የአዲስ አበባ ልጆች ችግር ነው፣ ግሼ ድረስ ምን ያደርሰዋል የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ምስል በገጠር ከተማ እንዴት እንደሚዞር አላየም። ምስል ለመዞር ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዜንደር በተባለው መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ስልክ ያልፋል። ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ የሚሞላ ሱቅ ባለበት ሁሉ ሌላውም አብሮ ይሞላል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ልጆቹ ከዚህ ዓይነት ጥቃት ያረፉ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። መቋረጡ የዘጋው ልጅቷ እርዳታ የምትጠይቅበትን መንገድ ነው፤ በሚሞሪ የሚዞረውን አልነካውም። እንዲያውም ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚዞር ምስል ከዓለም አቀፉ የባሰ የሚሆንበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ላይ ሰው በሰው መሀል ይጠፋል። ራቤል ገበያ ላይ ግን ልጅቷን የማያውቅ የለም፤ አባቷን፣ ያባቷን አባት፣ ደብሯን ሳይቀር ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በልጅነት የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት በአዋቂነት የአእምሮ ጤና ላይ ስለሚተወው ጠባሳ ብዙ ተጽፏል። በ2019 እ.ኤ.አ. በላንሴት ሳይካትሪ መጽሔት የወጣ አንድ ዳሰሳ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የነኩ 559 ጥናቶችን አሰባስቦ መዘነ። ከተመረመሩት 28 ጉዳቶች 26ቱ ከልጅነት ጥቃት ጋር ተያይዘው ተገኙ። ድብርትና የጭንቀት ሕመም ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ የመታየት ዕድላቸው ካልደረሰባቸው በሁለት እጥፍ ተኩል ያህልና ከዚያም በላይ ነበር። ከሁሉ ጠንክሮ የተገኘው ግን አእምሮ ያፈነውን ሥቃይ ሰውነት ሲናገረው የሚታየው ሕመም ነው፤ ሐኪም ምንም ሳያገኝ እጅ ይዝላል፣ እግር አልታዘዝ ይላል፣ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስንት ልጃገረድ በዚህ ምክንያት ጠበል እንደተወሰደች አስባለሁ። ጠበል መሄዷ አያስከፋኝም፤ እዚያ ከሰው ጋር ትሆናለች፣ ትጸልያለች፣ ታርፋለች። የሚያሳዝነኝ «ምን ነካሽ?» ብሎ መንፈሱን የሚጠይቅ እንጂ ልጅቷን የሚጠይቅ አለመገኘቱ ነው።

እነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ ስልክ ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ጥቃት የሚናገሩ ናቸው። በኢንተርኔት ስለሚደርሰው የተጠናው ገና ወጣት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስማርት ስልክ ይዘው ያደጉ ልጆች አሁን ነው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚደርሱት። በአሜሪካ ዴቪድ ፊንከልሆርና ባልደረቦቹ ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉ 2,639 ወጣቶችን ጠይቀው በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ 15.6 በመቶዎቹ ከ18 ዓመታቸው በፊት በኢንተርኔት ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ያለ ጥናት አንድ ድክመት አለው፤ ሰውን አንድ ጊዜ ጠይቆ ወደ ኋላ ያስታውሰዋል እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት አይጓዝም። በዚያ ላይ በኢንተርኔት የተጠቃ ልጅ ብዙ ጊዜ በቤትም በትምህርት ቤትም የተጠቃ ነው። የትኛው ጉዳት ከየትኛው መጣ ብሎ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ «ስልኩ ይህን አመጣ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገርን ሰው አላምነውም። «ንክኪ ስለሌለው ጉዳቱ ቀላል ነው» የሚለውን ግን ከዚያ ይበልጥ አላምነውም። በእንግሊዝ በካትሪን ሃሚልተን-ጃክሪትሲስ የተመራና በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወጣቶቹን ራሳቸውን ሲያዳምጥ፣ በቴክኖሎጂ የመጣው ጥቃት ከሌላው ያላነሰ ጉዳት እንደሚያደርስ አገኘ። ባለሙያዎቹ ግን አቅልለው ያዩት ነበር፤ ልጁንም የጥፋቱ ተካፋይ አድርገው የመመልከት ዝንባሌ ታይቷል።

ለምን ይረዝማል? ፊንከልሆር ከአንጄላ ብራውን ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አስተሳሰብ ዛሬም ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጥ ይረዳኛል። በልጅነት የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት አራት ነገር ይሠራል አሉ፤ የፍቅርንና የገላን ትርጉም ያጣምማል፣ የታመነ ሰው ይከዳል፣ ልጁን አቅመ ቢስ ያደርገዋል፣ እንደ ርኩስ ምልክት ያደርግበታል። ኢንተርኔት ከነዚህ በተለይ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማብቂያ የሌላቸው ያደርጋቸዋል። በአካል የተፈጸመ ጥቃት፣ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ የተፈጸመበት ቀን አለው። ምስል ግን ቀን የለውም። ዛሬ ማታ አንድ የማታውቀው ሰው እያየው ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሊልከው ይችላል፤ ከዓሥር ዓመት በኋላ በሠርጓ ሰሞን ሊወጣ ይችላል። የሥነ ልቦና ሐኪም ያለፈ አሰቃቂ ነገር የደረሰበትን ሰው ሲያክም ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ «ያ ነገር አልፏል፤ አሁን ያለኸው እዚህ ነው» ብሎ አእምሮን ማሳመን ነው። ለዚህች ልጅ ይህን ማለት ውሸት ይሆናል። አላለፈማ።

የካናዳ የሕፃናት ጥበቃ ማዕከል በልጅነታቸው የጥቃት ምስላቸው የተቀረጸ 150 ሰዎችን ጠይቆ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውጤት ይህንኑ ይመሰክራል። ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ምስሉን ያየ ሰው መንገድ ላይ ያውቀኛል በሚል ፍርሃት ይኖራሉ። ፍርሃቱ ሕልም አይደለም፤ 30ዎቹ በእርግጥ ታውቀዋል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሲያያቸው «አይቶት ይሆን?» ይላሉ። ልብሳቸውን፣ ጸጉራቸውን የሚለውጡ አሉ፤ ከሥራ የሚቀሩ አሉ። ይህንን ወደ ግሼ አምጥቼ ሳስበው አንድ ልጅ ገበያ መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ውሃ መቅዳት ለምን እንደተወ ቤተሰቡ ሳይገባው ለዓመታት ሊኖር እንደሚችል ይታየኛል።

የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሰምና ወርቅ የተባለ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ገብቶ የኖረው መንዝ ነበር። የደጋው ሰው ነገርን በሽፋን መናገር እንደሚያውቅበት ከዚያ ወዲህ ብዙ ተብሏል። እኔ የምጨምረው ልጆችም ይህን ቅኔ እንደሚያውቁበት ነው። ጥቃት የደረሰበት ልጅ የሚነግርህ ሰሙን ነው፤ «ሆዴን ያመኛል»፣ «ትምህርት ሰለቸኝ»፣ «ስልኬ ይሸጥልኝ»፣ «እዚያ ቤት አልመለስም»። አንዳንዱ አይናገርም፤ በሌሊት ይባንናል፣ በሰው ድምፅ ይደነግጣል፣ ተጫዋች የነበረው ይኮራመታል፣ ጨዋ የነበረው በድንገት ይሳደባል። ወርቁን ለማግኘት ትዕግሥት ያለው ሰሚ ይፈልጋል፤ ልጁም ሰሚውን የሚፈትነው በሰሙ ነው። ሆዴን ያመኛል ላለበት «አትልፈስፈስ» ከተባለ ፈተናው አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ አይሞክርም።

ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ ውስጥ ከምንም በላይ ትኩረት ይገባዋል የምለው ይሄ ነው። የጉዳቱን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች ትልቁ ምናልባት ከጥቃቱ በኋላ የመጀመሪያው ሰሚ ያለው ቃል ነው። ሣራ አልማን የተባለች ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ይህን አጥንታለች፤ ጥቃታቸውን ተናግረው የተወቀሱ፣ ያልታመኑ ወይም ዝም የተባሉ ሰዎች በኋላ የሚያድርባቸው የጭንቀት ሕመም የከበደ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አንድሪያ ዳኔዜና ካቲ ስፓትዝ ዊዶም 1,196 ሰዎችን መርምረው ያገኙት ደግሞ ለእኔ የተስፋ መንገድ ይከፍታል። አዋቂውን ከሚያሳምመው በፍርድ ቤት መዝገብ ከተጻፈው ድርጊት ይልቅ ሰውየው ያንን ድርጊት በውስጡ የያዘበት ሁኔታ ይበልጥ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። የተደረገውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። የተደረገው ነገር በልጁ ልብ ውስጥ የሚይዘው ትርጉም ግን በአብዛኛው ከእኛ አፍ ነው የሚወጣው።

እኛስ ምን እንላለን? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ዳሰሳ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እነዚህ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ናቸው፤ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። የራሷን ሳትናገር የኖረች እናት ልጇ እንድትናገር እንዴት ታስተምራት? ዝምታው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኖ ይቀራል።

ገመና የሚለውን ቃላችንን እወደዋለሁ። የሰውን ድካም ከአደባባይ የሚጋርድ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት አፍ የሚያድን ቃል ነው። «ገመናዬን ከተተልኝ» የሚል ሰው ትልቅ ውለታ ነው የሚናገረው። ነገር ግን በልጅ ላይ ጥቃት ሲፈጸም ገመናው የማን እንደሆነ እንሳሳታለን። የአጥቂውን ገመና የልጅቷ ገመና አድርገን እንሸፍናለን፤ ሽማግሌ ተቀምጦ «ነገሩ ሳይወጣ» ይታረቃል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ አንዳንዴም ለዚያው ሰው ትዳራለች። ወዲያው ደግሞ በእርግጥ መሸፈን የነበረበትን፣ ምስሉን፣ «እስኪ ልየው» እያልን ከስልክ ስልክ እናስተላልፋለን። ያየው ሁሉ፣ አዝኖ ያየውም፣ ያስተላለፈውም «ልጆቻችሁን ጠብቁ» ለማለት የላከውም ጭምር፣ ጥቃቱን በዚያች ልጅ ላይ አንድ ጊዜ ደግሞታል። ይህን ለመናገር ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ወንዶች ልጆች በዚህ ውስጥ ጭራሽ አይታዩም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ወንድ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት እነሱም እንደሚጠቁ አሳይቷል። በዓለም ዙሪያ ደግሞ ገንዘብ ለመቀበል ሲባል በምስል የሚያስፈራሩ ወንበዴዎች በብዛት የሚያጠምዱት ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 የሆኑ ወንዶችን እንደሆነ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ ሕይወታቸውን ያጡ ልጆችም አሉ። የመንዝ ወንድ ልጅ ጀግንነትን እየሰማ ነው የሚያድገው። እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብኝ ብሎ ለአባቱ የሚናገርበት ቃል በቋንቋው ውስጥ የተሰጠው አይመስለኝም። ዝም ይላል፤ ዝምታው በኋላ በመጠጥ፣ በጠብ፣ ከሚስት ጋር ባለመግባባት ይወጣል፤ ያኔ ማንም ከልጅነቱ ጋር አያገናኘውም።

ሕጉ ከሚታሰበው በላይ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 የልጅን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትን፣ መያዝንም ጭምር ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ልጅን በወሲባዊ መልእክት ማባበልና መገፋፋትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መያዝ ብቻ ያስቀጣል ማለት ሚሞሪ የሚሞላውም፣ ለጓደኛው በዜንደር የላከውም ወንጀለኛ ነው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 626 እና 627 በልጆች ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት ይቀጣል። ችግሩ ርቀቱ ነው። አዋጁ የኮምፒዩተር ወንጀልን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣኑን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሰጠ ጉዳዩ የወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያልቅ አይደለም። ልጅን በዝግ ክፍል፣ በካሜራ በኩል፣ አጥቂዋን ሳታይ የሚያስመሰክር ለልጆች የተመቸ ችሎት አዲስ አበባ ልደታ አለ፤ ተጠቂን በአንድ ቦታ ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚያይበት ማዕከልም በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተጀምሯል። ከግሼ ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ቤተሰብ ግን መጀመሪያ በሠፈሩ ፊት መነሣት አለበት፤ መነሣቱ ራሱ ወሬ ነው።

በመሀል ደግሞ አንድ ቀላል የሚመስል ስሕተት ብዙ ጉዳይ ያበላሻል። አባት ወይም ወንድም ነገሩን ሲሰማ ስልኩን መሬት ላይ ይከሰክሰዋል። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን የአጥቂው ቁጥር፣ የማስፈራሪያው ጽሑፍ፣ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ተከሰከሰ። ለልጅቷም የሚደርሳት ትርጉም ሌላ ነው፤ የተቀጣችው እሷ ናት። ስልኩ ሳይነካ ቢቀመጥ፣ አጥቂው ቢታገድም ጽሑፉ ባይጠፋ፣ ገንዘብም ባይላክለት ይሻላል፤ አንዴ የተከፈለው ሰው አያቆምም።

ምስሉን ከኢንተርኔት ለማውረድ ዛሬ ከትናንት የተሻለ መንገድ አለ። በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር በከፈተው ነጻ አገልግሎት፣ ምስሉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ብቻ ይወሰዳል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎችም ያንን አሻራ ካገኙ ያነሡታል። እኛ አገር እጅግ የሚዘወተረው ቴሌግራም ለዓመታት እንዲህ ያለ ትብብር ሲገፋ ኖሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ገደማ የእንግሊዙን የኢንተርኔት ቁጥጥር ተቋም ተቀላቅሏል። ይህ ሁሉ በሚሞሪ የሚዞረውን አይነካም። ያንን የሚያወርደው የሠፈሩ ሕሊና ብቻ ነው። ቢሆንም አንዲት ልጅ «አንድ ነገር ማድረግ ቻልኩ» ማለቷ ራሱ ሕክምና ነው፤ አቅም ማጣቱን ይቀንሳልና።

ስለ ሕክምና ስናነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው፤ «አማኑኤል ሄደ» ማለትም አበደ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ለዚህ ጉዳት የሚበጀው ሕክምና ግን አልጋ አይፈልግም። አሰቃቂ ገጠመኝ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና አለ፤ ልጁ ታሪኩን ቀስ በቀስ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይናገራል፤ ፍርሃቱን የሚያበርድበትን መንገድ ይማራል፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን አሳቡን ይፈትናል፤ የሚቻል ከሆነ ወላጅም አብሮ ይማራል። በዛምቢያ ሉሳካ ይህን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም፤ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑና በቅርብ ክትትል የሚሠሩ ተራ የአካባቢ ሰዎች ናቸው። በ257 ልጆች ላይ ተሞክሮ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ሕክምናውን ያገኙት ልጆች የሕመም ምልክት 82 በመቶ ገደማ ሲቀንስ የሌሎቹ የቀነሰው 21 በመቶ ገደማ ነው። በእኛም አገር በጉራጌ ሶዶ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምተኞችን በአካባቢያቸው ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። ስለዚህ «ባለሙያ የለንም» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ከነዚህ መሀል ጥቂቶቹ ይህን አንድ ሕክምና ቢማሩ፣ ዓመት ሙሉ በስልክ እንኳ የሚያማክራቸው ባለሙያ ቢመደብላቸው፣ የሚቻል ነገር ነው። የንስሐ አባቶችም በዚህ ውስጥ ቦታ አላቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቃል የሚተነፍሰው ለእነሱ ነው፤ ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ «ይህ ያንቺ ኃጢአት አይደለም» የሚል ቃል ከቄስ አፍ ሲወጣ ያለውን ክብደት የትኛውም ሐኪም አያገኘውም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ከወረደ ወዲህ ስለ ወሲባዊ ጥቃትና ስለ አእምሮ ጉዳት ከቀድሞው ይልቅ ይወራል፤ ድርጅቶች መጥተዋል፣ ሥልጠናም ተሰጥቷል። ለዚያ የመጣው እርዳታ ሲያልቅ ይህ ትኩረትም አብሮ እንዳይሄድ እፈራለሁ። በሰላሙ ጊዜ በስልክ የተጠቃችው ልጅ በየትኛውም የእርዳታ መዝገብ ላይ አልተጻፈችም።

የተዘነጉ ሌሎችም አሉ። በስልክ የተጠቁት የመጀመሪያዎቹ ልጆች አድገዋል። ለልጆች የተዘጋጀው ችሎት፣ ማዕከልና ምክር ዕድሜያቸው ስላለፈ አይመለከታቸውም። አንዳንዶቹ ትዳር ይዘዋል፤ ባላቸው ስልኩን ባነሣ ቁጥር ልባቸው ይመታል። አንዳንዶቹ ልጅ ወልደዋል፤ ልጃቸው ስልክ ሲነካ በማይገባው ቁጣ ይመቱታል፣ ተመልሰው ያለቅሳሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ የሚኖሩት ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ነው። ለእነሱ ስልክ ከአገር ጋር የቀረ ብቸኛ ድልድይ ነው፤ ደመወዝ የሚላክበት፣ የታናሽ ወንድም ማትሪክ ውጤት የሚሰማበት፣ የእናት ድምፅ የሚመጣበት። በዚያው ስልክ ላይ ያ ምስል የት እንዳለ አይታወቅም። በልጅነታቸው ምስላቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ካሜራ ፊት መቆም እንደሚከብዳቸው የሚያክሟቸው ባለሙያዎች ይናገራሉ። ግሼ ያለች እናት በቅዳሜ ምሽት ደውላ «ፊትሽን ልየው፣ ቪዲዮውን ክፈቺልኝ» ትላለች። ልጅቷ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና፣ «ኔትወርክ የለም እማ፣ ድምፅሽ ግን ይሰማኛል» ትላታለች።